ስለት አይቀርም ያልኩ ቀን

አንዳንድ ሰው ጥፋቱን ሲያወራ "ሳላውቅ ነው" ብሎ ይጀምራል። እኔ ያጠፋሁት እያወቅሁ ነው። ስለዚህ ይህን የምታነቡ ሁሉ ከመጀመሪያው ታዘቡኝ፤ መጨረሻው ላይ ደርሳችሁ "አይ ምስኪን" እንዳትሉኝ።

ትርሲት እባላለሁ። ነገሩ ሲሆን ሠላሳ ስምንት ዓመቴ ነበር። ከደሴ በዲቪ አሜሪካ መጥቼ ኦክላንድ ከተማ፣ ቴሜስካል በሚባል ሰፈር፣ ሰብለ ከምትባል ነርስ ጓደኛዬ ጋር አንድ አፓርትመንት ተጋርተን እንኖራለን። ሥራዬ በአንድ ኤጀንሲ በኩል አረጋውያንን በየቤታቸው መንከባከብ ነው። ይህን ስል ደግ ሴት መስዬ ከታየኋችሁ ተሳስታችኋል። ቁጡ ነኝ፣ ምላሴ ይቀድመኛል፤ ከሁለት ቤት የተባረርኩት በምላሴ ነው። ሦስተኛው ሳን ሆዜ ያለው የእማማ ኮማላ ቤት ነበር። እዚያ ግን ምላሴን የሚችል ሰው አገኘሁ።

እማማ ኮማላ ሰባ አንድ ዓመታቸው ነበር። ሕንድ አገር ዕድሜያቸውን ሙሉ ሒሳብ ያስተማሩ፣ ቀጭን፣ ነገር የማያመልጣቸው ሴት ናቸው። ባላቸው ከሞቱ ሁለት ዓመት ሆኗል። የልባቸው ምት ይዛባል፣ ደም ግፊትም አለባቸው፤ ስለዚህ አንድ ልጃቸው አናንድ ሥራ ሲውል አብሬያቸው የምውለው እኔ ነበርኩ። እማማ ብዬ መጥራት የጀመርኩ ቀን ትርጉሙን ጠየቁኝ። ስነግራቸው "በእኛም ቋንቋ እናት አማ ናት፤ ተቀራርበናል" አሉና በዚያው ጸደቀ።

እኚህ ሴት ስለት ነበረባቸው። ባላቸው ሆስፒታል ውስጥ በመተንፈሻ መሣሪያ ተኝተው ሳለ "ዓይኑን ከገለጠልኝ ካይላሽን በእግሬ እዞራለሁ" ብለው ተሳሉ። ካይላሽ ቲቤት ውስጥ ያለ፣ በረዶ የማይለየው ተራራ ነው። ሂንዱዎች ሺቫ የሚሉት አምላካቸው የሚኖርበት ነው ብለው ያምናሉ። ጫፉ ላይ አይወጡም፤ ሦስት ቀን በእግራቸው ይዞሩታል። የመንገዱ ከፍተኛ ቦታ ከራስ ዳሽን ጫፍ አንድ ሺህ ሜትር ይበልጣል። ባላቸውም ዓይናቸውን ገለጡ፣ ስምንት ወር ኖሩ፣ ከዚያ ሞቱ። እኔ በልቤ "ስምንት ወር ምን አላት" ብዬ ነበር። እሳቸው ግን "ስምንት ወር ለምኜ ስምንት ወር ቢሰጠኝ ኖሮ ምን ልል ነበር? ተሰጠኝ፣ መክፈል አለብኝ" ይሉኝ ነበር።

ጉዞው ማክሰኞ ነው። ከየከተማው ሃያ የሚሆኑ ሰዎች ተሰባስበው በካትማንዱ በኩል የሚሄዱበት ቡድን ነው፤ በእማማ ኮማላ ዕድሜ የመጨረሻው ዓመት ነው፣ ሰባ ሁለት የሞላውን ሰው አዘጋጆቹ አይወስዱም። ቅዳሜ ጠዋት የመጨረሻውን ልምምድ ልናደርግ ፍሪሞንት ወዳለው ሚሽን ፒክ የሚባል ተራራ ሄድን። አራት ወር ሙሉ በየቅዳሜው ወጥተነዋል። አዲሱ ጫማ እግር እንዲለምድ፣ የጀርባ ቦርሳውም እንዲከብድ፣ በየሳምንቱ አንዳንድ ትንሽ ከረጢት ሩዝ እየጨመርን። ያን ቀን አራት ኪሎ ሩዝ ተሸክመዋል። ተራራው ጥላ የሚባል የለውም፤ የደረቀ ሣርና ላሞች ብቻ ናቸው።

እማማ ኮማላ መንገድ ላይ ዝም የሚሉ ሴት አልነበሩም። ያን ቀን ግማሽ መንገድ ላይ ወሬ አቆሙ።

"እማማ፣ ምነው ዝም አሉ?"

"እየቆጠርኩ ነው።"

"ምኑን?"

"እርምጃዬን። ሺህ ሲሞላ እቀመጣለሁ።"

"ስንት ደረሱ ታዲያ?"

ዞር ስል ምርኩዛቸው ከእጃቸው ወድቋል፤ ጉልበታቸው ታጥፎ በጎናቸው ጋደም ብለዋል። ከንፈራቸው አመድ መስሏል። ዓይናቸው ክፍት ነው፤ እኔን ግን አያይም።

የሩዙን ቦርሳ ከጀርባቸው አውልቄ ወረወርኩ። ራሳቸውን ጭኔ ላይ አድርጌ ስማቸውን ጠራሁ፣ ጉንጫቸውን መታ መታ አደረግሁ፣ የማውቃትን ጸሎት ሁሉ አነበነብኩ። ለጉዞው የገዛነውን የኦክስጅን መለኪያ ጣታቸው ላይ ሰካሁት። ሰማንያ አንድ አለ። ከዘጠና አምስት ወርዶባቸው አያውቅም። ሰማንያ አንድ ካይላሽ ላይ ብዙም አያስደነግጥ ይሆናል፤ ፍሪሞንት ላይ ግን አምቡላንስ የሚያስጠራ ቁጥር ነው። ስልኬን አወጣሁ።

ቀዝቃዛ እጅ ስልኩ ላይ አረፈ። ነቅተዋል።

"እንዳትደውዪ።"

"መደወል አለብኝ እማማ።"

"ከደወልሽ ሆስፒታል ያስተኙኛል። ካስተኙኝ ማክሰኞ ቀረ። ማክሰኞ ከቀረ ለዘላለም ቀረ።"

"ሊሞቱብኝ ነው እንዴ?" ብዬ ጮህኩባቸው። ላሞቹ ሳይቀሩ ቀና አሉ።

"አልሞትኩም። ተቀመጪ።"

"አናንድስ ቢጠይቀኝ?"

"እኔ ራሴ እነግረዋለሁ። ሳልሄድ በፊት እነግረዋለሁ። ቃሌ ነው።"

አርባ ደቂቃ ያህል ተቀመጥን። ቁጥሩ ቀስ በቀስ ዘጠና ሁለት ደረሰ። ሩዙን እኔ ተሸክሜ፣ እሳቸውን ደግፌ ወረድን። ቤት ስንደርስ የየዕለቱን ልኬት የምጽፍበት ወረቀት ፍሪጁ ላይ ተለጥፎ ነበር፤ አናንድ ማታ ማታ የሚያነበው ነው። በቅዳሜ አንጻር ዘጠና ሁለት ብዬ ጻፍኩ። ውሸት አይደለም፤ ኋላ ላይ ዘጠና ሁለት ነበር። ሰው ራሱን የሚሸነግለው እንዲህ ነው።

ኦክላንድ ስመለስ ሰብለ ከሥራ ገብታ፣ የደከመ እግሯን ሶፋ ላይ ሰቅላ ነበር። ነገርኳት።

"ፌይንት አድርገው፣ ራሳቸውን ስተው ነው የምትይኝ? በኤይቲ ዋን?"

"አሁን ደህና ናቸው።"

"ደህና ምናምን የለም! ነገ በጠዋት ልጃቸውን ኮል አድርጊው። ኤጀንሲውንም። ሪፖርት ካላደረግሽ ሥራሽን ነው የምታጪው፤ እሱ እንኳን ትንሹ ነገር ነው። ሴትዮዋ ይሞታሉ ትርሲት። ሃይ አልቲትዩድ ቀልድ አይደለም።"

"ስለት እኮ ነው ሰብልዬ።"

"እና? እግዜር ሂጂና ሙቺልኝ አላቸው?" አለችና ድምፅዋን ቀነስ አድርጋ፣ "አንቺ የምታወሪው ስለ እሳቸው አይደለም። ስለ እማማ የሺ ነው" አለችኝ።

የሺ እናቴ ናት። "ምን አገባሽ!" ብዬ ክፍሌ ገባሁና በሩን ወረወርኩት። እውነት ሲነግሩኝ በር እወረውራለሁ፤ ያደግሁበት አመል ነው።

እሑድ ቤተ ክርስቲያን ቀርቼ ለጓዝ ዝግጅቱ ወደ ሳን ሆዜ ሄድኩ። ባቡሩ ዩኒየን ሲቲን ሲያልፍ አናንድ ጋ ልደውል ስልኬን አወጣሁ። ስሙን እያየሁ ሁለት ጣቢያ አለፈ። ራሳቸው እነግረዋለሁ ብለዋል አይደል እንዴ አልኩና መልሼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

የእማማ ኮማላ አልጋ ላይ ሁለት ክምር ነበር። ግራው የተራራው፣ ቀኙ የአምላክ ነው ይላሉ። በግራ የላባ ጃኬት፣ ከውስጥ የሚለበሱ ወፋፍራም ልብሶች፣ የሱፍ ካልሲ፣ ጓንት፣ ግንባር ላይ የሚታሰር ባትሪ፣ ለከፍታ ሕመም የሚዋጥ ኪኒን፣ የሽንት ቤት ወረቀት። በቀኝ ደግሞ ለጸሎት የሚጨስ ካምፎር፣ ለመብራት የተፈተለ ጥጥ፣ የነጠረ ቅቤ በትንሽ ጠርሙስ፣ በመጽሐፍ መካከል የደረቁ ቅጠሎች፣ የባላቸው የአንገት ሹራብ፣ አሥራ አንድ ባዶ የፕላስቲክ ጠርሙስ። ጠርሙሶቹ ተራራው አጠገብ ካለው ሐይቅ ውኃ የሚቀዳባቸው ናቸው፤ እያንዳንዳቸው ላይ የጎረቤት ስም ተለጥፏል። ጸበል አምጪልን መባላቸው ነው። የእኛ አገር ሰው ተሳላሚ ሲሸኝ የሚያደርገውን እነሱም ያደርጋሉ።

ሻንጣው ተራራው ላይ በከብት ስለሚጫን ከአሥር ኪሎ እንዳይበልጥ ተብሏል። እማማ ኮማላ እያንዳንዱን ዕቃ በወጥ ቤት ሚዛን እየመዘኑ፣ በእርሳስ እየጻፉ ደመሩት። ግማሽ ኪሎ ያህል ይበልጣል።

"ጠርሙሶቹ ይውጡ" አልኳቸው።

"የሰው አደራ ነው።"

"ሹራቡስ? የላባ ጃኬት እያለ ሹራብ ምን ይሠራል?"

"ይሞቃል" አሉኝ። ዓይኔ እያየ ሁለተኛውን የውስጥ ልብስና አንዱን ጥንድ ጓንት አውጥተው ወንበር ላይ ጣሉ።

"እማማ፣ የሚያሞቅዎትን እኮ ነው የሚያወጡት!"

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው የባላቸውን ሹራብ ጉልበታቸው ላይ አደረጉ።

"ትርሲት፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ደመወዝ እንደምከፍላት ሴት አትመልሺልኝ።"

"ይጠይቁኝ።"

"ትናንት መሬት ላይ ሆኜ ፈራሁ። ባሌ ሲሞት አልፈራሁም፤ ትናንት ግን ፈራሁ። እዚያ ሩቅ አገር፣ በማላውቀው ብርድ ውስጥ፣ የማላውቀው ሰው ዓይኔን ሲከድነው ታየኝ።" ሹራቡን በጣታቸው እየዳበሱ ቀጠሉ። "በእናንተ ሃይማኖት ስለት ይቀራል? ሰው አቅም ሲያንሰው፣ ግዴለም በሌላ ክፈል የሚለው አለ?"

አሁን እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ። የተጠየቅሁት ይህ ነው፣ የምመልሰውንም አውቀው ነበር።

ደሴ ጎረቤታችን የነበሩ እትዬ ዘነበች የሚባሉ ሴት ነበሩ። ጊሼን ማርያምን በእግሬ እሳለማለሁ ብለው ተስለው ሳለ ወገባቸው ያዛቸው። የንስሐ አባታቸው "ስለት እኮ ሰው ለመግደል አልተሠራም" ብለው፣ ለሰፈሩ ቤተ ክርስቲያን ጃንጥላ እንዲያስገቡና ድሆች እንዲያበሉ አዘዟቸው። እሳቸውም አስገቡ፣ አበሉ፣ ብዙ ዓመት ኖሩ። ይህ ሁሉ እማማ ኮማላ ጠይቀው ሳይጨርሱ ትዝ ብሎኛል። ከምላሴ ጫፍ ደርሶ ነበር።

ግን እናቴም ትዝ አለችኝ። እናቴ የተሳለችው ለእኔ ነው። "ልጄ ዲቪ ከወጣላት ጊሼንን ወጥቼ እሳለማለሁ" ብላ። ወጣልኝ፣ መጣሁ። በሁለተኛው ዓመት ስለቷን ልታደርስ ስትነሣ የልብ ሕመም ተገኘባት። እኔ ኦክላንድ ተቀምጬ በስልክ "አትሄጂም፣ አለቀ!" አልኳት። ለመንገድ ያሰበችውን ብር ወንድሜ እንዲወስድባት አደረግሁ። በዚያው ዓመት አልጋዋ ላይ ሞተች። ወንድሜ እንደነገረኝ እስከ መጨረሻዋ ሰዓት "ስለቴን ሳላደርስ" ስትል ነበር። የከለከልኳት ሐኪሙን ሰምቼ እንደሆነ ሰው ሁሉ ይነግረኛል። እኔ ግን ከዚያ በኋላ የማርያምን ሥዕል ቀና ብዬ ማየት ከበደኝ።

እና እማማ ኮማላን "አይቀርም" አልኳቸው። "ስለት አይቀርም። እናቴን ከልክዬ ስለቷን ሳታደርስ ሞተችብኝ። እርስዎ ላይ ይህን አላደርግም።"

"ስለከለከልሻት ነው የምትቆጪው?"

"በየቀኑ።"

ራሳቸውን ነቀነቁ። "እንግዲያው ይኸው ነው" አሉና ሹራቡን እጥፍ አድርገው ሻንጣው ውስጥ ከሥር አስገቡት። ሌላ መልስ ጠብቀው ነበር። ያኔም ፊታቸው ላይ አይቼዋለሁ፤ አላየሁም አልላችሁም። አይቼ ካልሲያቸውን መጠቅለል ቀጠልኩ።

ሰኞ አናንድ ከሥራ በጊዜ መጣ። አርባ አራት ዓመቱ ነው፤ ኮምፒውተር ላይ የሚሠራ፣ ዝምተኛ፣ ጫማውን ሳያወልቅ ምንጣፍ የማይረግጥ ሰው። እናቱ ሳሎን ውስጥ የመድኃኒት ሣጥናቸውን በየቀኑ እየከፋፈሉ ይሞላሉ። እሱ ሻንጣውን በእጅ ሚዛን አንጠለጠለው።

"ዘጠኝ ኪሎ ከዘጠኝ መቶ" አለ። እናቱ "እኔ ስደምር አልሳሳትም" አሉት ቀና ሳይሉ።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

"ቅዳሜ ዘግይታችሁ ነው የተመለሳችሁት።"

"አዎ፣ ቁጭ ብለን ነበር።"

"የተፈጠረ ነገር አለ?"

እማማ ኮማላን አየኋቸው። አልነገሩትም። እጃቸው መድኃኒቱ ላይ ቆሟል፤ እሳቸውም ያዩኛል። ዓይናቸው "ዝም በይ" ይበል "ንገሪው" ይበል፣ እስከ ዛሬ ድረስ አላወቅሁም። ያኔ ግን "ዝም በይ" ነው ብዬ ተረጎምኩት፤ የሚመቸኝ እሱ ነበር።

"ምንም አልተፈጠረም" አልኩት።

"እርግጠኛ ነሽ ትርሲት?"

"ምንም።"

አናንድ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰና "ደህና" አለ። የእፎይታ መሰለኝ። እማማ ኮማላ የሣጥኑን ክዳን አንድ በአንድ መዝጋት ጀመሩ።

ማክሰኞ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ ሸኘኋቸው። ለጉዞ የገዛነውን ትልቅ ጫማ ሻንጣ እንዳይከብድ ብለው አድርገውት ነበር፤ ከሳሪ ቀሚሳቸው ሥር ሲወጣ እያየሁ ሳቅኩ፣ እሳቸውም ሳቁ። ሊገቡ ሲሉ ተመልሰው መጡ።

"የእናትሽ ስም ማን ነበር?"

"የሺ።"

"የሺን ጨምሬ እዞራለሁ። እሷም ትከፍላለች፣ አንቺም ታርፊያለሽ።"

እጃቸውን ራሴ ላይ አድርገው ሄዱ። ደስ አለኝ። ሳልዋሽ ልንገራችሁ፣ እናቴ ከሞተች ወዲህ ባለው ስድስት ዓመት ውስጥ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። ባቡር ውስጥ ሆኜ እንባዬ እየወረደ ነበር።

ለስምንት ቀን ፎቶ ይመጣ ነበር። ካትማንዱ፣ አውቶብስ ውስጥ፣ ከዚያ ሐይቁ ዳር። በሐይቁ ፎቶ ላይ ፊታቸው አብጧል፤ ከንፈራቸው የቅዳሜውን መልክ ይዟል። ሁለት ጣት ዘርግቼ ፎቶውን አጎላሁት፣ ከዚያ ስልኩን ደፋሁት።

በዘጠነኛው ቀን ሳን ሆዜ ያለውን ቤት እያጸዳሁ ሳለ፣ ቀትር ላይ፣ በሩ ተከፈተ። አናንድ ነው። በዚያ ሰዓት መጥቶ አያውቅም። በእኛ አገር መርዶ ሲነገር ሰው ይሰበሰባል፣ ሽማግሌ ይቀድማል፣ የሚወድቀውን የሚይዝ ይቆማል። እሱ ብቻውን የመኪናውን ቁልፍ እንደያዘ ምንጣፉ ላይ ቆመ። ጫማውን አላወለቀም። ያኔ ገባኝ።

"እናቴ የለችም" አለኝ። "የመጀመሪያውን ቀን ተጉዛ፣ ካምፕ ደርሳ ተኛች። ጠዋት ሊቀሰቅሷት ሲሄዱ አልነቃችም። ሳንባዋ ውኃ ሞልቶ ነው አሉኝ።"

የመጀመሪያው ቀን። ከሦስቱ አንዱ። ከፍተኛውን ቦታ አላዩትም፤ ስለታቸውንም አላደረሱም፣ የእናቴንም።

አናንድ ካትማንዱ ድረስ ሄዶ እንደ ሃይማኖታቸው አስከሬናቸውን በእሳት አቃጠለና አመዳቸውን ይዞ ተመለሰ። ለቅሶ ቤት ሄድኩ። እንደ ልማዴ ከላይ እስከ ታች ጥቁር ለብሼ ገባሁ፤ ቤቱን የሞላው ሰው ሁሉ ነጭ ለብሷል። በር ላይ ቆሜ ልመለስ ሳስብ አናንድ አይቶኝ መጣና በክንዴ ይዞ መካከላቸው አስገባኝ።

"ይቺ ትርሲት ናት" አላቸው። "እናቴን ለጉዞው ያዘጋጀቻት እሷ ናት። እስከ መጨረሻው ቅዳሜ ድረስ አብራት ተራራ ወጥታለች። እናቴ ደህና ነበረች፣ ጠንካራ ነበረች፤ ጠይቋት። ሄዳ የሞተችው በምትወደው ቦታ፣ በፍላጎቷ ነው።"

አንዲት የአናንድ አክስት ተነሥተው ሁለት እጄን ያዙና ግንባራቸው ላይ አደረጉት። "እግዚአብሔር ይስጥሽ ልጄ" ነው የሚሉት፤ ቋንቋቸውን ባላውቅም ይገባል። እጄን መንጠቅ አቃተኝ።

አናንድን "ላናግርህ" አልኩት። መኪና ማቆሚያው ውስጥ ገባን። ሁሉንም ነገርኩት፤ ተራራውን፣ ሰማንያ አንዱን፣ ወረቀቱ ላይ የጻፍኩትን ዘጠና ሁለት። ይመታኛል ብዬ ነበር። ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር። እሱ ግን አልተደነቀም።

"አውቅ ነበር" አለ።

"ምኑን?"

"ቅዳሜን አይደለም። ልቧን። ከመሄዷ በፊት በነበረው ሳምንት ሐኪሟ ደውሎልኝ ነበር። የጉዞዋን የጤና ወረቀት ከወራት በፊት ፈርሜላታለሁ፣ ዛሬ ቢሆን ግን አልፈርምም አለኝ። እናቴን አይሆንም ብዬ ለማስቀረት ድፍረቱ አልነበረኝም። ዕድሜ ልኬን አይሆንም ብያት አላውቅም። ለዚያ ነው አንቺን የጠየቅሁሽ። አዎ፣ የተፈጠረ ነገር አለ ብትዪኝ ላስቀራት ነበር። ሁለት ጊዜ ጠየቅሁሽ።"

ግድግዳው ላይ ተደገፍኩ። ንዴት መጣብኝ፤ በእሱም፣ በራሴም። "ታዲያ አንተ አፍ የለህም?" ልለው ነበር። አላልኩትም፣ ምክንያቱም የሚብሰው ገና አልተነገረም።

"አንድ ነገር ቀረኝ" አልኩት። "እናትህ በፍላጎታቸው አልሄዱም። እሑድ ሻንጣ ስናዘጋጅ ፈርቻለሁ ብለውኛል። ስለት ይቀራል ወይ ብለው ጠየቁኝ። ይቀራል ብላቸው ይቀሩ ነበር። አይቀርም አልኳቸው።"

ሰው ሲፈርስ አይቼ የማውቀው ያን ቀን ነው፤ ድምፅ የለውም። አናንድ መኪናው ላይ እጁን አሳርፎ ጎንበስ አለ።

"ይሄን ለምን ነገርሽኝ?" አለኝ። "የቀረችኝ እሷ ነበረች። ፈልጋ ሄደች የምትለዋ መጽናኛ። እሷንም ለምን ወሰድሽብኝ?"

"እባክሽ ሂጂ" አለኝ። ጥቁር ልብሴን እንደለበስኩ በመኪና ማቆሚያው በር ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ አናንድን አላየሁትም። ሁለት ጊዜ ጽፌለታለሁ፤ አልመለሰልኝም፣ አይፈረድበትም።

ለኤጀንሲውም ተናገርኩ። አሰናበቱኝ፤ ተገቢ ነው። ኦክላንድ ያሉትን የንስሐ አባቴን ጠየቅኋቸው። "ስለት አቅም ሲጠፋ በሌላ ይለወጣል፤ ይህን እኮ ሕፃን ያውቀዋል" አሉኝ። "አውቅ ነበር አባ" አልኳቸው። ሰብለ አንድም ቀን "ብዬሽ ነበር" አላለችኝም፤ ብትለኝ በር ወርውሬ ይወጣልኝ ነበር።

አንባቢ ሆይ፣ እኔ የማውቃት አንዲት ነገር ናት። ሽማግሌ ወይም አሮጊት "ብሄድ ይሻላል ወይስ ብቀር?" ብሎ ከጠየቃችሁ፣ ልቡ ቀርቷል፤ የሚያስቀረው ሰው እየፈለገ ነው። ያን ጊዜ ስለ ራሳችሁ እናት አታስቡ። ለእሷ የምትከፍሉትን ዕዳ በሌላ ሰው እናት አትክፈሉት። እኔ ሁለት ሴቶችን በአንድ ስሕተት ገደልኩ አልልም፤ እናቴን ሕመሟ ነው የገደላት። አሁን ይህንን ማለት ችያለሁ። የቻልኩት ግን እማማ ኮማላ ከሞቱ በኋላ ነው፤ ይህ ደግሞ የሚያጽናና ነገር አይደለም። ለአናንድ መናገሬ ትክክል ይሁን አይሁን ግን አላውቅም። ስታውቁ ንገሩኝ።

ቆይቶ ሌላ ሥራ አገኘሁ። ዘጠና ዓመት የሞላቸው አንድ ሽማግሌ ናቸው። ዓይናቸው ከደከመ ቆይቷል፣ ግን በየጠዋቱ መኪና ካልነዳሁ ይላሉ። መጀመሪያ ቀን ቁልፉን ለልጃቸው ሰጠሁና "እኔ ነኝ የሰጠሁብዎት" ብዬ በፊታቸው ነገርኳቸው። ከዚያ ወዲህ ቁርስ ሳቀርብላቸው እናቴን እየጠሩ ይሰድቡኛል። ድሮ ቢሆን ሳህኑን ጥዬላቸው እወጣ ነበር። አሁን ወንበር ስቤ አጠገባቸው ቁጭ እላለሁ፣ ቁርሳቸውን እቆራርሳለሁ። ይሳደቡ። ከነስድባቸው ይኑሩልኝ።